አማቴና ማራገቢያው

አማቴ በሆስፒታል የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ወለል ወልውላለች። «አንቱ ያስረጀኛል» ስላለችኝ አንቺ ነው የምላት። እጇ ፈጣን ነው፤ አፏ ደግሞ ከእጇ ይቀድማል።

ከሦስት ዓመት በፊት ዓይኗን ለመለገስ የፈረመች አንዲት ታማሚ አረፈች። አማቴ እንደ ልማዷ ክፍሉን ወለወለችና ቶሎ እንዲደርቅ ማራገቢያውን ከፍታ ወጣች። የተለገሰውን ዓይን የሚወስደው የዓይን ባንክ ባለሙያ ሲደርስ፣ የሟቿ ዓይን በግማሽ ተከፍቶ ነፋስ ሲመታው ቆይቷል። ከዓይን ፊት ያለው መስተዋት የመሰለ ስስ ሽፋን፣ ብሌን የሚሉት፣ ደርቋል። ለማንም አይሆንም ተባለ።

ማንም አልወቀሳትም። እሷ ግን ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። በማግስቱ ባለሙያውን በር ላይ ጠብቃ «ምን ላድርግ? አስተምረኝ» አለችው። የነገራትን ሁሉ ቤት መጥታ በእኔ ላይ ተለማመደችው። ሶፋ ላይ ታስተኛኛለች። የዓይኔን ቆብ ትከድናለች፣ እርጥብ ጥጥ ታደርግበታለች፣ በላዩ በላስቲክ የተጠቀለለ በረዶ ታስቀምጣለች፣ ራስጌዬን በትራስ ከፍ ታደርጋለች። ልጄ ሆዴ ላይ ወጥቶ ሲፈነድቅ ሳቄ ያመልጠኛል።

«ሬሳ አይስቅም፤ አርፈሽ ተኚ!»

ባለፈው ወር፣ ረፋድ ላይ፣ የሰባ አንድ ዓመት አናጺ አረፉ። እሳቸውም ፈርመው ነበር። ሚስታቸው የአማቴን እጅ ጨብጣ «‹ዕድሜዬን በር ስሠራ ኖርኩ፣ ስሄድ መስኮት ትቼ እሄዳለሁ› ይሉ ነበር። ቃላቸው መሬት እንዳይወድቅ» አለቻት።

ሙቀቱ ያፍናል። ነርሷ ማራገቢያውን ስትከፍት አማቴ ወደ ግድግዳ አዞረችው።

«ኧረ በላብ አለቅን!»

«አንቺ ኮሪደር ላይ ተናፈሺ። እሳቸው እንደሆነ አይሞቃቸውም። ይልቅ ጓንት ስጪኝ።»

የተለማመደችውን አንድ በአንድ አደረገች። ያረፉበትን ሰዓት በፕላስተር ላይ ጽፋ አልጋው ላይ ለጠፈች።

መንገድ ተዘጋግቶ ባለሙያው የደረሰው አናጺው ካረፉ ከአራት ሰዓት በኋላ ነው። ፕላስተሩንና ካርዱን አይቶ ፊቱ ጠቆረ።

«ሰባ አንድ ዓመት? በዚህ ሙቀት? እማማ፣ ተስፋ ባናደርግ ይሻላል።»

«ልታገባቸው ነው ዕድሜ የምትቆጥረው? መጀመሪያ እይ!»

ጥጡን አንሥቶ በባትሪ አየ። ጎንበስ ብሎ ደግሞ አየ።

«እንደ ብርጭቆ ጠርቷል» አለ ቀስ ብሎ።

ነገሩ ግን አላለቀም። ደማቸው መመርመር አለበት። ከብሌኑ ጀርባ ያሉት፣ አንዴ ከሞቱ የማይተኩት ሕዋሳትም በማይክሮስኮፕ ይቆጠራሉ፤ በዚያ ባንክ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ከሁለት ሺህ ካነሱ ብሌኑን አይቀበሉም። አማቴ ሁለት ቀን ሙሉ ስልኳን ከእጇ አልለየችም። ገላዋን ስትታጠብ እንኳ እኔን አስይዛ በር ላይ አቆመችኝ።

በሦስተኛው ቀን ባለሙያው ደወለ።

«እማማ፣ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ! ደሙም ንጹሕ ነው።»

«የቱ ዓይን?»

«ሁለቱም!»

ጮኸች፤ ጎረቤት ምን መጣ ብሎ ወጣ። በዚያው ሳምንት ሁለት ሰዎች ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። አንደኛዋ ፋሻዋ ሲነሣላት መጀመሪያ ያየችው የሐኪሟን ጺም ነው አሉ፤ «ምነው ዶክተር፣ ምላጭ የለህም?» አለችው። አማቴ ይህን ስትሰማ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀችና ወዲያው ለአናጺው ሚስት ደወለች።

«እህቴ፣ ባልሽ ቃላቸውን ጠብቀዋል» አለቻት። «ሁለት ሰው እያየ ነው።»