ስለ አሮጌው ብር የተረጎምኩት ውሸት

ጥበቃው በሩ ላይ ቆሟል። ከእሱ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ አንድ ጎልማሳ ቦርሳውን ሆዱ ላይ አንጠልጥሎ ባጃጅ ተደግፏል። ብር ልንቀይር የመጣነው ግድግዳውን ይዘን ተሰልፈናል፤ እኔ ሰባተኛ ነበርኩ። ሐዋ የምትባል የአፋር ሴት ከሰልፉ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆማለች። ቦታው ሰመራ፣ አንድ ባንክ ደጃፍ ነው። ጊዜው አሮጌዎቹ አሥር፣ ሃምሳና መቶ ብሮች የተቀየሩበት 2013 ዓ.ም. ነው። ዓመታት አልፈዋል፤ ንዴቱ ግን ዛሬም አልበረደልኝም።

ሐዋን ያን ዕለት ነው ያየኋት፤ እሷ ግን ታውቀኛለች። መልካ ወረር በጥጥ እርሻው ሚዛን ላይ ሠላሳ ዓመት ስሠራ አፋርኛ ለምጃለሁ። በልጅነቷ እዚያ ስለነበረች እንደ እርሻው ሰዎች «ባለሚዛኗ» አለችኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰመራ ልጄ ዘንድ ነው የምኖረው።

ሐዋ የመጣችው ከአዳይቱ ነው። በሻሿ ጫፍ የቋጠረችው የፍየሎቿን ዋጋ ነው፤ የምትታለብ ግመል ልትገዛበት። ቤቷ ወተት የሚጠብቁ አራት ልጆች አሉ።

«ማዘር፣ ቋንቋዋን ይችላሉ አይደል?» አለኝ ጥበቃው። «ለገጠር የተሰጠው ቀን ትናንት አልቋል በሏት። ከፈለገች ያ ሰውዬ በግማሽ ይቀበላታል።»

እንዳለ ተረጎምኩላት።

ለምን አላጣራሁም? ንጉሡ ከወረዱ በኋላ መልካቸው ያለበት ብር ሲቀየር፣ አባቴ «መንግሥት የራሱን ገንዘብ አይክድም» ብሎ ሣጥኑን ሳይከፍት ቀኑ አለፈበት። ያን ብር ታናናሾቼ ሱቅ ሱቅ ተጫወቱበት። ቀኑ አለፈ ሲሉኝ ማመን ይቀለኛል።

ተራዬ ደርሶ ስገባ ገንዘብ ከፋይዋን ስለ ገጠሩ ቀን ጠየቅኋት።

«ማን አለዎት እማማ? ለገጠር የተለየ ቀን የለም። ለሁሉም ገና ሦስት ሳምንት አለ።»

ብሬን ከመስኮቱ መልሼ ይዤ ወጣሁ። ሐዋ ብሯን ለባለቦርሳው ሸጣ ጨርሳለች። መሬት ላይ ተቀምጣ የሻሿን ጫፍ እንደገና ትቋጥራለች፤ ቋጠሮው አንሷል።

«ከአንድ የአገሬ ሽማግሌ ጋር ዳጉ ተቀምጠን ነበር» አለችኝ። «አሁን በአይሱዙ ሄደ።»

አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዳጉ ሳይቀመጥ አይለያይም። ያየውንና የሰማውን፣ ከማን እንደሰማው ጭምር ይነግራል። የዋሸ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚሰማው የለም።

«ምን አልሽው?»

«የገጠር ሰው ቀን አልፏል፣ ያለህን በግማሽ ሽጥ አልኩት።»

«ከማን ሰማሁ አልሽ?»

«ከባለሚዛኗ።»

በዕድሜዬ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም። ያን ቀን ጮኽኩ።

«አንተ ሌባ! ብሯን መልስላት!»

ባለቦርሳው ሳቀ። «ማዘር ደግሞ! የተረጎሙት እርስዎ አይደሉ እንዴ? ኮሚሽን ከሆነ ነገሩ ይነገረን» ብሎ አንድ አዲስ ሁለት መቶ ብር ዘረጋልኝ። ጥበቃውም ሳቀ። ሰልፉ ውስጥ የሳቀ ሰው ነበር።

እጁን መታሁት። ብሩ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ አንሥቶ፣ አቧራውን አራግፎ ባጃጁ ውስጥ ገባና ሄደ። «ፖሊስ ጥሩልኝ» አልኩ። ተራው እንዳያልፈው ፈርቶ ከቦታው የተነቃነቀ የለም። ጥበቃው የሰማኝም አልመሰለ፤ ቀጣዩን ሰው መፈተሽ ጀመረ።

ሐዋ የምንባባለውን አልተረዳችም። ነገርኳት።

«የትኛው ነው እውነቱ?» አለችኝ። «የቅድሙ ነው የአሁኑ?»

«የአሁኑ። ዋሽተውኝ ነው።»

ቋጠሮዋን ይዛ ከመሬት ተነሣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስለ ግመሏ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

«ሽማግሌው ሳይመሽ አዳይቱ ይገባል» አለች። «ወላሂ፣ ነገ ሁሉም ይሸጣል። እኔ ሄጄ ሌላ ብናገር ማንን ይመኑ? ወሬው የሄደው በአንቺ ስም ነው።»

አስፋልቱ ዳር ወደ አዋሽ የሚሄድ የጭነት መኪና ቆሞ ነበር። ሁለታችንንም መንገዱ ላይ ያለችው አዳይቱ እንዲያደርሰን ሾፌሩን ለመንኩት። ጋቢናው ጠባብ ስለነበር ሐዋ ወደ ውስጥ ተጠጋችልኝ። ያልቀየርኩትን ብር በጉያዬ ይዤ መኪናው ላይ ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።