ቤቱ እንዲሸጥ አባታችን ሲጠራ

ቦሌ ሚካኤል የነበረው ቤታችን ካርታው በአባቴ ስም ነበር። አባቴ ሻምበል ነበር፤ ደርግ ወድቆ ከሰሜን ግንባር የተበተነው ጦር በእግሩም በልመናም ሲመለስ እሱ አልተመለሰም። አምስት ዓመት ሙሉ እናቴ አንድም ቀን ጥቁር አልለበሰችም። «ሬሳ ሳላይ አላለቅስም» ብላ፣ ለቅሶ ልድረስ ብሎ የመጣውን ጎረቤት ሁሉ ከበር ትመልስ ነበር።

ከዚያ ታናሽ እህቴ ልቧን ታመመች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ጋደም ስትል ትንፋሽ ስለሚያጥራት ትራስ ደራርበንላት ተቀምጣ ነበር የምትተኛው። ሐኪሞቹ የልቧ በር ጠቧል፣ ውጭ አገር ካልታከመች ዓመቱን አትዘልቅም አሉን። ከቤቱ በቀር የሚሸጥ ነገር አልነበረንም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ችግራችንን አይቶ ዋጋ የሰበረብንን ገዢ እሺ አልነው። ግን ባለካርታው ካልፈረመ፣ ወይም መሞቱ በፍርድ ቤት ካልተወሰነ ቤቱ አይሸጥም ተባልን።

ዳኛው በጋዜጣ ይጠራ አሉ። በቀጠሮው ቀን ካልቀረበ፣ በሕይወት አለ የሚል ሰውም ካልመጣ፣ እንደ ሞተ ይቆጠራል።

ለእኔ ይህ የወረቀት ጣጣ ነበር። እናቴ ግን ጋዜጣው ሲወጣ ፊቷ በራ። ማንበብ ስለማትችል ስሙ ያለበትን ቦታ አሳየኋት፤ በጣቷ ዳሰሰችው። በማግስቱ ያገኘችውን ያህል ጋዜጣ ገዝታ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ላሉት ሱቆች አደለች፤ አንዱን ደግሞ በራችን ላይ በሊጥ ለጠፈችው። የአባቴን ካፖርት አውጥታ ላውንደሪ ሰጠች።

«እማዬ፣ የሚጠሩት እንዲመጣ እኮ አይደለም! አለመምጣቱን ሊያረጋግጡ ነው!» ብዬ ጮህኩባት።

«አምስት ዓመት ብቻዬን ስፈልገው ማን አገዘኝ? ይኸው አሁን መንግሥት እየፈለገልኝ ነው። ደግሞስ ቢመጣ ራሱ ይፈርማል፤ ለልጁ የሚሰስት መሰለሽ?»

ተናድጄ ወጣሁ።

ቀጠሮው አራት ቀን ሲቀረው በራችን ተንኳኳ። እናቴ ለእህቴ ጠበል ልታመጣ ሄዳ ነበር። ስከፍት አንድ እጁ የተቆረጠ፣ ያረጀ የወታደር ሸሚዝ የለበሰ ሰውዬ ቆሟል።

«ጋዜጣውን ሱቅ ውስጥ አይቼ ነው፣ እህት ዓለም» አለኝ። «ጦሩ ሲበተን ሱዳን ተሻግረን መጠለያ ገብተን ነበር። በዚህ ስም የሚጠራ ሻምበል አብሮን ነበረ። እኔ ስመለስ እሱ ታሞ እዚያው ቀረ።»

ያ ሻምበል እንደ አባቴ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ነበረው ወይ ብዬ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ። ከውስጥ የእህቴ ሳል ተሰማ። ይህ ሰው ችሎት ቀርቦ ይህንን ቢናገር ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ወደ ሱዳን ይጻፍ ይባላል፣ ወራት ይሄዳሉ። እህቴ ወራት አልነበራትም። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። ስለ ጠባሳው አልጠየቅኩትም።

«ተሳስተዋል» አልኩት። «የእኛ አባት እዚያው ግንባር ነው የሞተው፤ የቀበሩት ጓደኞቹ ነግረውናል። ጋዜጣው ለደንቡ ነው።»

«ነፍስ ይማር። ይቅርታ፣ አስቸገርኩሽ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ውሃ እንኳ አልሰጠሁትም።

በቀጠሮው ቀን ችሎት አስከባሪው በር ላይ ቆሞ የአባቴን ስም ሦስት ጊዜ ጠራ። እናቴ በጠራ ቁጥር ወደ ኮሪደሩ ትዞር ነበር። ማንም አልመጣም። ዳኛው ሲወስኑ ወጣችና ሻሿን ፈትታ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ አምስት ዓመት ያላለቀሰችውን አለቀሰች። ተራቸውን የሚጠብቁ የማናውቃቸው ባለጉዳዮች ፋይላቸውን እንደያዙ አብረዋት ተቀመጡ። አንዲት ሴትዮ «አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ አባትሽ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። እኔ የማስበው ገዢው ሐሳቡን እንዳይቀይር ነበር።

ቤቱ ተሸጠ። እህቴ ሄዳ ታከመች፤ ከወራት በኋላ ቡልቡላ ወደተከራየናት ጭቃ ቤት ቀጥ ብላ በእግሯ ገባች። እናቴ በጥቁር ልብሷ አቅፋ ስማ አልጠግባት አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አየሽ አባትሽን? ሞቶ እንኳ ልጁን አዳነ።»

«አዎ፣ እማዬ» አልኳት።