የአባቴ የቅርጫ ድርሻ

የአባቴ ታላቅ ወንድም ክፉ ሰው ነው። ዘመዴ ስለሆነ አለዝቤ ነው እንዲህ ያልኩት። ጉኑኖ አጠገብ ባለው ሰፈራችን የጊፋታ ቅርጫ ዳኛው እሱ ነው። ወንዶቹ ለዚሁ የወላይታ ዘመን መለወጫ በዓል ዓመቱን ሙሉ ቆጥበው የሚገዙት በሬ ማን ቤት ገብቶ እንደሚቀለብ የሚወስነውም እሱ ነው። በሬው የሚሰጠው ለታመነ ሰው ነው። አባቴ ጠጉሩ እስኪሸብት ድረስ አንድም ጊዜ አልተሰጠውም።

ባለፈው ዓመት ሌሎቹ አባላት ወንድሙን ተጭነውት ተሰጠው። አባቴ በሬውን ከራሱ መኝታ ማዶ አሰረው። እናቴ ለበሬው የምታቀርበው ከእነሱ የተረፈውን አልነበረም፣ እነሱ ነበሩ ከበሬው የተረፈውን የሚበሉት። ከምሠራበት ከሶዶ ስደውል አባቴ ጤናዬን መጠየቅ ትቶ ስለ በሬው ሻኛ ያወራኝ ነበር። በስተርጅና ሰው ፊት ሊቆም መሆኑ ደስ አሰኝቶታል፤ እኔንም ደስ አሰኝቶኝ ነበር።

በዓሉ ሲቃረብ አጎቴ የቅርጫውን ሰዎች አስከትሎ ሊያይ መጣ። የበሬውን ዳሌ ጨመቅ ጨመቅ አደረገና፣ «እዚህ ቤት በሬውም ይጾማል እንዴ?» አለ። ሁሉም ሳቁ። አባቴም አብሮ መሳቁን እናቴ ነግራኛለች። ሲሄዱለት ግን ቤት ውስጥ የነበረውን የበቆሎ ዱቄት በሙሉ በሬው ፊት ገለበጠው፤ በነጋታውም ከጎረቤት ተበድሮ ጨመረለት።

እኔ ሶዶ ውስጥ ስለ ከብት አመጋገብ አስተምራለሁ። ተጠርቼ ስደርስ በሬው ማመስኳት አቁሟል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ እበቱ ውሃ ሆኖ የኮመጠጠ ነገር ይሸታል። ለአባቴ እንደሚገባው አድርጌ ነገርኩት። ሣሩን የሚያብላላው በሬው ራሱ አይደለም፤ ጨጓራው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ትንንሽ ሕያዋን አሉ፣ ቆጮን እንደሚያቦካው እርሾ ማለት ናቸው። ሰው የሚቀልበው እነሱን ነው፣ እነሱ ደግሞ በሬውን ይቀልባሉ። ዱቄቱ በአንድ ጊዜ ሲወርድባቸው ሆዱ ኮመጠጠና አለቁ። አባቴ በሬውን እያየ ሰማኝ። ቀጥሎ የጠየቀኝ ሌላ እርሾ ከየት እንደሚገኝ ነበር።

ከጤነኛ ከብት ሆድ ነው የሚገኘው። ወደ ሶዶ ተመልሼ ቄራ ሄድኩ፤ ከታረደ በሬ ጨጓራ የወጣ ትኩስ ፈርስ ለመንኩና ጨምቄ ውሃውን በጀሪካን ሞላሁ። ከቀዘቀዘ ስለሚሞቱ ጀሪካኑን በጋቢ ጠቅልዬ አቀፍኩት። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው አፍንጫውን ይዞ እስከ ጉኑኖ ሲረግመኝ ሄደ። የፈለገውን ይበል ብዬ ነበር።

ቤት ስደርስ አጎቴና የቅርጫው ሰዎች የበሬውን መታመም ሰምተው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ጀሪካኑን መሬት አውርጄ ከፈትኩና ምን እንደያዝኩ ነገርኳቸው። አጎቴ በትሩን ጀሪካኑ ላይ ደገፍ አደረገው።

«በማን እጅ የታረደ ነው?» አለኝ።

አልጠየቅሁም ነበር። ቄራው ውስጥ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ እርድ ለየብቻ ነው፣ እኔም የቀዳሁት ቀድሜ ካገኘሁት ነው። ለበሬው መጠጥ እንጂ የሚበላ ሥጋ አይደለም፣ ጋሼ፣ ጨጓራ የማንንም ሃይማኖት አያውቅም አልኩት። ይህን ባልል ይሻል ነበር መሰለኝ፣ ሰዎቹ ፊታቸው ተለወጠ። አንዱ ቄስ ይጠየቅ አለ፣ ሌላው ፓስተሩ ይሻላል አለ። አባቴ እንኪያስ ነፍሱ ሳይወጣ እንረደው ብሎ ለመነ። አጎቴ የታመመ ከብት ለጊፋታ አይበላም አለና በትሩን ገፋ አደረገው። ጀሪካኑ ተንጋሎ እንሰቱ ሥር ፈሰሰ።

ይድን ነበር ብዬ አልምልም። ብቻ እነሱ ሲከራከሩ በሬው ሳይታረድ ሞተ፤ ሳይታረድ የሞተውን ደግሞ ማንም አይበላም። አባቴ ራሱ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው፤ ማንም አካፋ ይዞ አልመጣም።

ቅርጫው ሌላ በሬ ገዛ። የጊፋታ ዕለት እናቴ ጧት ተነስታ ቅቤዋን አነጠረች። አባቴም ድርሻውን ከፍሏልና ሥጋውን ይልኩለታል ብላ ነው። እኔ አልጠበቅሁም። ረፋድ ላይ በኮባ የተጠቀለለ፣ በገመድ የታሰረ ነገር ከአጎቴ ቤት መጣ። አባቴ በሁለት እጁ ተቀበለና ምስጋና ላከ። ከብዶት ነበር፣ ፊቱ ፈካ አለ።

ሲፈታው ፈርስ ነው። አጎቴ በመልእክተኛው ቃልም አስይዟል፤ «ልጅህ መድኃኒት ነው ብላለች» ብሎ።

እናቴ የቅቤውን ድስት ከእሳቱ አወረደች። እኔ ልደፋው እጄን ዘረጋሁ፣ አባቴ ግን ጣቱን ፈርሱ ውስጥ አግብቶ ቆየ። ትኩስ ነበር፣ ሽታውም የጤነኛ ከብት ሽታ ነው።

«እነዚያ ያልሽኝ ትንንሾቹ፣» አለ፣ «እዚህ ውስጥ አሁን በሕይወት አሉ?»

«አሉ፣ አባዬ። እስኪቀዘቅዝ ድረስ።»

ኮባውን መልሶ አጠፈው። እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጭኑ ላይ ይዞት ተቀመጠ።