ጋሼና የሚንቀጠቀጠው ወለል

የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ መሐንዲስ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑት የሕንፃና የማሽን ንዝረትን ነው። የትም ቤት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ያሳርፉ ነበር።

መብራት በፈረቃ በነበረበት ዘመን፣ ካዛንቺስ ያለውን የልብስ ስፌት ቤቴን ሊያዩ መጡ። ከበላያችን ባለው ፎቅ ላይ የሕንፃው ባለቤት ጄኔሬተር አስተክሎ ነበር። ጋሼ ግድግዳውን ዳስሰው፣ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩና ሰውየውን አስጠሩት።

«ከሥሩ ጎማ የለውም፤ ንዝረቱን ሁሉ ወለሉ እየተሸከመው ነው። አጥፋው።»

«አባባ፣ መንቀጥቀጥ እኮ የጄኔሬተር ሥራ ነው» አለ እየሳቀ።

«የጄኔሬተሩ ነው፤ የወለሉ ግን አይደለም።»

ሰውየው ጥሏቸው ሄደ። እኔ ደንበኞቼ ፊት አፈርኩ። «ጋሼ፣ በቃ ይተዉት፤ ቤት ላድርስዎት» አልኳቸው። እሳቸው ኮታቸውን አውልቀው የስፌት መኪናዎቹን አንድ በአንድ ወደ ደጅ ማውጣት ጀመሩ። ሠራተኞቼም ተከተሏቸው። እየተነጫነጭኩ ቤቱን ዘጋሁ።

በአራተኛው ቀን ጣሪያው ባዶው ክፍል ላይ ተደረመሰ።

የሕንፃው ባለቤት ኡራኤል ሰፈር ወዳለው የጋሼ ቤት ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ። «ሰው ተጎዳ?» አሉት። «ማንም አልተጎዳም» ሲላቸው፣ «እንግዲያው ተነሣና ሻይ ጠጣ» አሉት።

እኔም እዚያው ነበርኩ። ስላፈርኩባቸው ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ፣ ሌላ ቀን ይደርሳል ብዬ ተውኩት። ዓመታት አለፉ። ባለፈው ወር ቀበርናቸው። ትናንት ባዶ ወንበራቸው አጠገብ ተቀምጬ፣ «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።