ሐያት ያልነገረችኝ ቀዳዳ

የልጅነት ጓደኛዬ ሐያት ቤት የዕጣን ጭስ እንደ ፏፏቴ ቁልቁል ሲወርድ ዛሬ በዓይኔ አየሁ።

ወደ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ስገባ የሷኑ ዓይነት የዕጣን ማጨሻ ለአዲሱ ቤቴ ስጦታ ብላ ያመጣችልኝ እሷው ናት። «ጭሱ ወደ ታች ነው የሚፈሰው» አለችኝ። እንዴት እንደሚጨስ ስጠይቃት «እንደ ማንኛውም ማጨሻ ነዋ!»

አምኜ ፍም ጨመርኩና ዕጣን ነሰነስኩበት። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ጣሪያ! ማጨሻው ጠቆረ፤ በሞቀ ውኃ ባሸው ባሸው ጥላሸቱ አልለቅ አለኝ።

(ከአጋሮ የመጡት አማቴ ደግሞ «ጭስ ወደ ላይ ነው የሚሄደው ልጄ፤ ታዲያ ወዴት እንዲሄድልሽ ፈልገሽ ነው?» ብለው አዘኑልኝ።)

ለሐያት ስነግራት «አያያዝ አትችዪበትም» አለችኝ። እኔም ጥፋቱን ተቀበልኩ።

ዛሬ ሳልደውል በቾ ቦሬ ሰፈር ወዳለው ቤቷ ሄድኩ። ሻይ ልታመጣ ስትነሳ፣ ከማጨሻው አጠገብ ያልተለኮሰ ሾጣጣ ዕጣን አንስቼ ገለበጥኩት። ሥሩ ቀዳዳ አለው። ለካ ጭሱ የሚወርደው በዚያ ነው! የኛ ዕጣን በፍም ላይ ቢውል ቢያድር ወደ ታች አይፈስም።

ሻዩን ይዛ ስትመለስ፣ «ሐያት፣ ማሎ፣ ይሄን ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

ሳቀች። «ዋላሂ፣ ከነገርኩሽማ የኔን ለማየት ማን ይመጣል?»

ሻይዋን ሳልጠጣ ወጣሁ።

እናንተስ፣ ዕቃውን ሰጥቶ ዘዴውን የደበቀባችሁ ወዳጅ አለ? ጻፉልኝ እስቲ፣ ብቻዬን አልሁን።

እኔ እኮ እዚያ ቤት የምሄደው እሷን ብዬ ነበር።