ደጃዝማቹን የተውኩበት እሁድ

አባቴ ፊደል ከማስቆጠሩ በፊት ያስቆጠረኝ ዘር ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያቆመኝና «በል ቁጠር!» ይለኛል። እኔም እስከ ሰባት ቤት እንደ ዳዊት እወርደዋለሁ። ከራሴ ጀምሬ አራተኛው ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፤ እዚያ ላይ የተቀመጡት የአባቴ አያት ደጃዝማች ናቸውና።

እኚህ ደጃዝማች አሜሪካ ድረስ ተከትለውኝ መጡ። ዲሲ ፓርኪንግ ጋራዥ ስሠራ አንዱ «መኪናዬን አስጫርክብኝ» ብሎ ሲጮህብኝ፣ አፌ «ሶሪ ሰር» ይላል፤ ሆዴ ግን «የማን ልጅ እንደሆንኩ ብታውቅ!» ይላል። ለሥራ ባልደረቦቼ ነግሬ ነግሬ ስላሰለቸኋቸው ስሜን ትተው «ደጃዝማች» ይሉኝ ጀመር። «ደጃዝማች፣ ሁለተኛው ፎቅ ሞልቷል!» ሹፈት መሆኑ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው። እስከዚያ ድረስ ደስ ይለኝ ነበር።

አባቴ ሲያርፍ የደረሰኝ ቅርስ አንድ አሮጌ ጋቢ ነው። አያቱ ለሠርጉ እንደሰጡት ብቻ ነግሮኛል። ደጃዝማች ከሰጡት እንግዲህ ከግምጃ ቤት የወጣ ነው ብዬ ራሴ ደመደምኩ። ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርትመንቴ ለሚመጣ ሰው ሁሉ «በእጅህ እንዳትነካው» እያልኩ አሳየዋለሁ።

ታላቅ እህቴ እዚሁ ዲሲ አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምትኖረው። ባሏ ካረፈ ወዲህ አንድ ልጇን ያሳደግነው አብረን ነው፤ የአባት ቦታ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ እዚሁ ስለተወለደች በአማርኛ ስትጠየቅ በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። አንድ ገና ላይ የዲኤንኤ ምርመራ ዕቃ ገዝታ ሰጠችን፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለእናቷ። «አንክል፣ ደጃዝማችህን በሳይንስ እናገኛቸዋለን» አለችኝ። ይኼኛው ሹፈት ወዲያው ነው የገባኝ።

እሁድ ዕለት እህቴ ቤት ተሰበሰብን። እኔ ቱቦዬን በምራቅ ሞልቼ አሸግሁ። እህቴ ግን ቱቦውን አየችና እጇን ሰበሰበች። «ቆርቤ ምራቅ ልትፋ? አብደሃል እንዴ!» ለካ ያን ቀን ጠዋት ሥጋ ወደሙ ተቀብላለች። ልጅቷ መመሪያውን አገላብጣ አነበበች፤ ሳትበሉ ሳትጠጡ ይላል እንጂ ስለ ቁርባን የሚለው የለም። እህቴ በማግስቱ ተፍታ ላከች።

ውጤቱ ሲመጣ ወዲያው ከፈትኩት። ካርታው ላይ ኢትዮጵያ ቀለም ተቀብታለች። ሌላ ነገር የለም። ኢትዮጵያዊ ነህ አለኝ! ይኼንን ለማወቅ ነው እንግዲህ ምራቄን በፖስታ የላክሁት።

ያኔ ነው ወደ ዛፉ የዞርኩት። የምርመራው ድረ ገጽ ላይ የቤተሰብ ዛፍ መትከል ይቻላል። ጋቢዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሰባቱንም ቤት ሞላሁ፤ አራተኛው ሳጥን ላይ «ደጃዝማች» ብዬ ጻፍኩ። ሳምንት ሳይሞላ መልእክት መጣልኝ፤ የአንተን አያት የሚመስል ሰው ሌላ ዛፍ ላይ ተገኝቷል የሚል። ከፈትኩት። እውነትም ደጃዝማቹ! ባለዛፉ ፌርፋክስ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ወዲያው ኮል አደረግኋቸው።

«ዘመዴ!» አሉኝ ገና ስሜን ስነግራቸው።

«ዘር ከልጓም ይስባል!» አልኩ እኔም።

ወር ሙሉ በስልክ ተሟሟቅን። እሳቸውም እንደ እኔ ናቸው፤ የአባታቸው አያት ደጃዝማቹ መሆናቸውን ለሰው ሳይነግሩ ውለው አያድሩም። ዛፎቻችንን አዋሃድን። ልጅቷ ብቻ ነበረች የተጠራጠረችው። ሽማግሌውም ምርመራውን አድርገው ስለነበር የሁለታችንን ውጤት አስተያየችው። «ይኼን ያህል ቅርብ ከሆናችሁ መታየት አለበት፤ ምንም አልተገናኛችሁም» አለች። ስነግራቸው ሽማግሌው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ማሽን የአበሻን ዘር ምን ያውቃል!

ከዚያ ልጅቷ የምታገባውን ልጅ ይዛ መጣች። ሦስት ዓመት አብረው ቆይተዋል፤ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው። ጨዋ፣ ሳቂታ ልጅ ነው፤ ወደድኩት። «የማን ልጅ ነህ?» አልኩት እንደ ወጉ። የአባቱን ስም ሲነግረኝ የያዝኩት ሹካ ወደቀ። የፌርፋክሱ ዘመዴ ልጅ ነው። ለካ ልጅቷ ያኔ ውጤታችንን ያስተያየችው ለዚህ ኖሯል።

ዛፉን ስንከፍተው ሙሽራውና ሙሽሪት በደጃዝማቹ በኩል በመስመር ተያይዘው ቁጭ ብለዋል። እሷ ከደጃዝማቹ አምስተኛ፣ እሱም አምስተኛ። በእኛ ወግ ደግሞ ሰባት ቤት ያልሞላ አይጋባም፤ ካህኑም አያጋቡም። እኔው በገዛ እጄ የተከልኩት ዛፍ የልጄን ሠርግ ሊያፈርስ ነው!

መፍትሔው ቀላል ነበር። ከሁለት አንዳችን «የእኛ አያት ሌላ ሰው ናቸው» ብንል ያልቃል። ኮል አደረግኋቸው።

«መቼም ለልጆቹ ሲባል…» አልኳቸው፣ «እርስዎ ቢተዉት?»

«ምኑን?»

«ደጃዝማቹን።»

«እርስዎ ይተዉታ!» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

እህቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ አላስተኛ አለችኝ። «ተዋቸው በቃ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! እኚህ ሰውዬ ምን አደረጉልህ? አንድ ቀን ኪራይ ከፍለውልህ ያውቃሉ?» እኔ ደግሞ የአባቴ አደራ ነው እላለሁ። ልጅቷ ስልኬን ማንሳት አቆመች። እልኸኛ ነኝና አልተውም አልኩ። ሳስበው አሁንም ያሳፍረኛል፤ ስልሳ ሊሞላኝ የተቃረብኩ ሰውዬ በአንድ ማዕረግ ምክንያት ከልጄ ተኳርፌ ከረምኩ።

በመጨረሻ ሐምሌ ውስጥ አንድ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሁለቱ ቤተሰብ እህቴ ሳሎን ተሰበሰበ። የንስሐ አባታችንም መጡ። እኔ በዚያ ሙቀት ሱፌን ግጥም አድርጌ ጋቢውን ደርቤ ነው የገባሁት፤ ደጃዝማቹን ይዤ መቅረቤ እንዲታወቅልኝ። ሽማግሌውም ባለወርቅ ከዘራ ይዘው መጥተዋል። ተያየን። ሰላም አልተባባልንም።

ልጅቷ የዲኤንኤውን ውጤት በስልኳ ለካህኑ አሳየቻቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው አዩት። «ጥሩ ነው፣ ልጄ። ግን እኔ የምሰማው ከቤተሰቡ አፍ ነው» አሉና ወደ እኛ ዞሩ። «እህሳ? ከሁለታችሁ ደጃዝማቹ አያቴ አይደሉም የሚል አለ?»

ሽማግሌው ጣሪያ አዩ። እኔ ምንጣፍ አየሁ። እህቴ ከኩሽናው በር ላይ ሆና በዓይኗ ልትበላኝ ደርሳለች።

«አጎቴ፣ እባክህ።»

ልጅቷ ናት። በአማርኛ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ «ስቶፕ ኢት አንክል» ስትለኝ የኖረች ልጅ እባክህ አለችኝ። ሳላስበው ብድግ አልኩ።

«የእኛ አያት ሌላ ሰው ናቸው» አልኩ። «ደጃዝማቹ… ደጃዝማቹ የእኛ አይደሉም።»

«አውቄው ነበር!» አሉ ሽማግሌው ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መትተው። ቤቱ እልል አለ። ልጅቷ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ግን ለእሷ ብዬ አባቴን የሸጥኩ ያህል ነው የተሰማኝ፤ ደግሞ ይኼን የመሰለ መሥዋዕትነት ስከፍል የሚያጨበጭብልኝ አንድ ሰው አለመኖሩ አናደደኝ። ሽማግሌው ሲወጡ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይዞህ፣ ሁሉም ሰው የራሱ አያት አለው» አሉኝ። እስከ ዛሬም ደጃዝማቹ እሳቸው ጋ ናቸው።

እንግዳው ሁሉ ሲወጣ እህቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የጋቢውን ጫፍ ይዛ በጣቷ ታሻሸው ጀመር። እንዳትነኪው ልላት አቅም አልነበረኝም።

«በአባታችን ላይ ዋሸሁ፣ እትዬ» አልኳት።

«አልዋሸህም።»

«እንዴት?»

«እማዬ እኔ ሳገባ ነው የነገረችኝ። የአባታችን አያት ሸማኔ ነበሩ። ስማቸው ከደጃዝማቹ ስም ጋር አንድ ሆነና አባታችን ማዕረግ ጨመረላቸው። ልጅ እያለ ‹የቁጢት በጣሽ ዘር› እያሉ ሲሰድቡት ነው ያደገው። ምን ያድርግ?»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ሳትነግሪኝ ኖርሽ?»

«አስምላኛለች። ‹ለእሱ እንዳትነግሪ፣ ወሬ አይቋጥርም› ብላ። ደግሞ አባትህን እንዳትንቀው ፈርታ ነው። እኔም ራስህ እንድትተወው ብዬ ነው የጨቀጨቅኩህ። ለልጄ ስትል ተውከው። እግዜር ይስጥልኝ።»

መሳቅ አማረኝ። የዋሸሁ መስሎኝ አቃቤ እውነት ሆኜ አረፍኩ! ከዚያ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና ሳቄ ጠፋ። ጋቢውን ቁልቁል አየሁት።

«እትዬ፣ ይኼንን ታዲያ…»

«እሳቸው ናቸው የሠሩት» አለች። «ለሠርጉ። ዓይናቸው ደክሞ ነበር አሉ። ይኸው፣ እዚህ ጋ ጥለቱ ተንጋዷል፣ አየኸው?»

እውነትም ተንጋዷል። ስንት ዓመት ጉልበቴ ላይ አድርጌው አላየሁትም። አባቴ ያፈረባቸው ሰውዬ የሠሩትን ጋቢ እስኪሞት ድረስ ከአልጋው አልለየውም ነበር፤ በብርድም በሙቀትም። አሳዘነኝ። በጣም አሳዘነኝ።

ልጅቷ ላፕቶፗን አምጥታ ዛፉን ከፈተችልኝ። አራተኛው ሳጥን ላይ «ደጃዝማች» የሚለውን አጠፋሁ፤ ስማቸው ብቻውን ቀረ። ከሥሩ ሥራቸውን የሚጠይቅ ባዶ ቦታ አለ። «ሸማኔ» ብዬ ጻፍኩ።

ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስመለስ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። የመኪናዬ ኤሲ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ላብ በጀርባዬ ይወርዳል፤ ከጎኔ ያለው ሹፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በሐምሌ ጋቢ የለበሰውን ሰው ያየኛል። ቤት እስክደርስ አላወለቅሁትም።