ሳዶቅ ኪቦርዱን የሰጠ ጊዜ

ሳዶቅን ዶክተር ያደረገው ዩኒቨርሲቲው ነው ያለ ተሳስቷል፤ እናቱ ፀሐይወርቅ ናት። ሕክምና እንዲማር የተቀበሉት ዕለት፣ ልጁ ገና የክፍሉን ደጃፍ ሳይረግጥ፣ ለንደን፣ ካሌዶኒያን ሮድ ካለው የመንግሥት ኪራይ ቤታቸው ሆና ለዘመድ ሁሉ ደወለች፤ ዶክተር ደክሞት ተኝቷል፣ ቀስ ብላችሁ አውሩ እያለች። አርችዌይ ያለችው ቤተ ክርስቲያናቸውም ለማዕረግ አትሰስትም። እሑድ አምልኮው ሲያልቅ ሻይ የሚጠጣበት ጥግ ክሊኒክ ሆኖ አረፈው። አቶ ጥላዬ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጉልበታቸውን ይዘረጉለታል፤ ሌላዋ የደም ግፊቷን የመዘገበችበትን ስልክ አፍንጫው ሥር ትደቅናለች። ልጁ ገና የአጥንት ስም ነው የሚሸመድደው። ጂፒ ጋ፣ የሰፈራችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ ሲላቸው፣ አቤት ትሕትና እያሉ ያደንቁታል። ፀሐይወርቅማ ኩራቱ ሻይዋን እንኳ አላስውጣት ይላል።

በሁለተኛው ዓመት ሳዶቅ ከሰው ራቀ። ቀን ይተኛል፣ የቀረበለትን ነካ አድርጎ ይተዋል፣ ጓደኞቹ ሲደውሉ ስልኩን ገልብጦ ያስቀምጣል። ይሄን ሁሉ አይታ ፀሐይወርቅ ምን አለች? ጥናት በዝቶበት ነው አለች። እንዳትጠይቀው መልሱን ፈርታለች፤ መፍራቷን ግን ለራሷም አልነገረችም።

አንድ ቀን ሳዶቅ በትርፍ ሰዓት ሥራው የገዛውን፣ ሰው እንዲነካበት የማይወደውን ኪቦርድ ለመዘምራኑ ሰጠ። አዳዲስ ጫማዎቹን ደግሞ ለአክስቱ ልጅ ለቤኪ። ፊቱም በድንገት ቀለል አለ። እናት ይህን አይታ ዝም ልትል ነው? ማይክ ጨብጣ መሰከረች፤ ጌታ ልጄን ከዓለም ፍቅር ነጠለልኝ አለች። ምእመኑ እልልታውን አቀለጠው። ወይ ጉድ! ልጁ ከዕቃው ጋር እየተሰናበተ፣ እነሱ ያጨበጭባሉ።

ያላጨበጨበችው ከመዘምራኑ አንዷ፣ ለንደን የተወለደችው ዳናዊት ብቻ ነበረች። ኮሌጇ የተጨነቀ ጓደኛን ለይታ እንድትረዳ አሠልጥኗታል። ፀሐይወርቅን የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ጠብቃ፣ የሚወደውን የሚያድል፣ ከዚያም ድንገት የሚረጋጋ ሰው እንደሚያሰጋ ነገረቻት።

«እትዬ፣ ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ ብለው በግልጽ ይጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም።»

ፀሐይወርቅ ነደዳት። አፍሽን በጌታ ስም ዝጊ፣ ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ የሐበሻ ልጅ እንዲህ አያስብም አለቻት። ዳናዊትም ታዲያ ኪቦርዱን ለምን ሰጠ አለቻትና ሄደች። ፀሐይወርቅ አውቶቡስ ላይ አጥብቃ ጸለየች፤ ስለ ልጇ እንዳይመስላችሁ፣ ስለ ዳናዊት ምላስ ነው።

ቤት ገብታ የሳዶቅን ክፍል ከፈተች። ኪቦርዱ የነበረበት ጠረጴዛ ላይ አቧራው ዙሪያውን ቀርቶ መሐሉ ንጹሕ ነው። ያን ስታይ ሳዶቅ የተጋደመበት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሳዶቅዬ፣ ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?»

ልጁ ተነሥቶ ተቀመጠ። ከዚያ፣ «አዎ፣ ማሚ። ፈተና ወድቄያለሁ፣ ዩኒቨርሲቲም መሄድ ትቻለሁ። የወደቀ ዶክተር ምን ተብሎ ይጠራል?» አላት።

ሰይጣንን ልትገሥጽ አፏን ከፍታ ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጣት፣ መልሳ ዘጋችው። ፈተናው ገደል ይግባ፣ እኔ የምፈልገው አንተን ነው ብላ አቀፈችው። አለቀሰች፣ እሱም አለቀሰ። ያኔውኑ እጁን እንደያዘች ሆስፒታል ወሰደችው፤ ሐኪም እስኪያነጋግረውና የክትትል ቀጠሮ እስኪያዝለትም ከጎኑ አልተለየችም።

ሳዶቅ ትምህርቱን ለጊዜው አቁሞ ሕክምናውን ይከታተላል። ደህና ቀን አለው፣ ክፉ ቀንም አለው፤ አሁን ግን ክፉውን ቀን ለእናቱ ይነግራታል። በስንት ጊዜው አንድ እሑድ አብሯት ቤተ ክርስቲያን መጣ። ሻይ ገና ሳይቀዳ አቶ ጥላዬ «ዶክተር፣ እስቲ ይቺን ጉልበት» ብለው ሱሪያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ።

ፀሐይወርቅ መሐል ገባች። «ስሙ ሳዶቅ ነው፣ አቶ ጥላዬ። ጉልበትዎን ይሸፍኑና ልጄን እንዴት ነህ ይበሉት።»

አቶ ጥላዬ ደነገጡ። ሱሪያቸውን ወደ ታች ሳቡ፣ ወንበራቸውን ወደ ልጁ አስጠጉና ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቁት።